ኮካ ቅሞ ዳገት መውጣት

በፔሩና በቦሊቪያ ደጋ ርቀት በጉንጭ ይለካ ነበር። አንድ ጉንጭ የኮካ ቅጠል (ኮኬይን የሚወጣበት ተክል ቅጠል ነው) ኃይሉ እስኪያልቅ ድረስ የሚኬድበት መንገድ «ኮካዳ» ይባላል። ጊዜው ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን ሜዳ ላይ 3 ኪሎ ሜትር፣ ዳገት ላይ ደግሞ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ስለ ኮካና ስለ ከፍታ ክርክር በተነሣ ቁጥር እኔ ወደዚህ መለኪያ እመለሳለሁ። ብታሰሉት በሜዳ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዳገት ከ3 ኪሎ ሜትር ያንሳል። የእግረኛ ፍጥነት ነው። በሰሜን ፔሩ ናንቾክ ሸለቆ ከተቃመ የኮካ ቅጠል ጋር አብሮት የሚቃመው ኖራ ተገኝቷል፤ ዕድሜው ወደ 8,000 ዓመት ይጠጋል። ያን ያህል ዘመን ከቅጠሉ ጋር የኖረ ሕዝብ የሠራው መለኪያ ቅጠሉ ለምን ዓይነት ድካም እንደሚሆን ይናገራል። ጭነት፣ ብርድና ረሃብ ላለበት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚዘልቅ ዝግ ያለ ጉዞ ነው።

ዛሬ ግን ወደ ቦሊቪያዋ ላ ፓዝ ወይም ወደ ፔሩዋ ኩስኮ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። «ኮካ ቃም፣ ኦክስጅን ይጨምርልሃል» ይሉታል። አይጨምርም። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ከዚህች አንዲት ነጥብ የሚነሣ ነው፤ ይህን ባለመለየት ሰው ይታመማልና።

መጀመሪያ ከፍታው ራሱ ሰውነትን ምን እንደሚያደርገው እንይ። «ላይ ኦክስጅን የለም» ሲባል የአየሩ ቅንብር የተለወጠ የሚመስለው ብዙ ነው። ባሕር ዳርቻም ሆነ 5,000 ሜትር ላይ ከአየሩ 21 በመቶ ገደማው ኦክስጅን ነው። የሚለወጠው ግፊቱ ነው። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። አየሩ ወደ ሳንባ ሲገባ በእንፋሎት ይረጥባል፤ እንፋሎቱም 47ቱን ይወስዳል። ከተረፈው ላይ የኦክስጅን ድርሻ 149 ይሆናል። በአዲስ አበባ፣ 2,355 ሜትር ላይ፣ ይህ ቁጥር ወደ 112 ይወርዳል። በላ ፓዝ፣ 3,640 ሜትር ላይ፣ 93 አካባቢ ነው። ከላ ፓዝ በላይ ባለችው በኤል አልቶ፣ 4,100 ሜትር ላይ፣ ከ90 በታች ነው። እንፋሎቱ የሚወስደው 47 ከፍታው ቢጨምርም አይቀንስም፤ ስለዚህ በወጣን ቁጥር ከትንሹ ላይ የሚቀነሰው ያው ነው። ጉዳቱ ከከፍታው ጋር እየከበደ የሚሄድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ተቀምጦ ለሚያርፍ ሰው ይህ ጉድለት የሚቻል ነው። እንቅስቃሴ ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ምክንያቱን ለማየት አንዲት ቀይ የደም ሕዋስ እንከተል። ሰውዬው ዕረፍት ላይ ከሆነ ሕዋሷ በሳንባው ቀጭን የደም ሥር ውስጥ 0.75 ሰከንድ ያህል ትቆያለች። በባሕር ጠለል በመጀመሪያዋ ሩብ ሰከንድ ውስጥ ኦክስጅኗን ሞልታ ትጨርሳለች፤ የቀረው ጊዜ መጠባበቂያ ነው። ሰውዬው መሮጥ ሲጀምር ልብ ደሙን ያፈጥነዋል፣ ቆይታዋም ወደ ሩብ ሰከንድ ያጥራል። ባሕር ዳር ላይ ያ ይበቃታል። ላ ፓዝ ላይ ግን ኦክስጅኑን ከሳንባ ወደ ደም የሚገፋው ግፊት ስለደከመ ሕዋሷ ሳትሞላ ትወጣለች። ለዚህ ነው ጣት ላይ የሚደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ ተቀምጠን 89 በመቶ ያሳየን እንደሆነ ደረጃ ወጥተን ስንለካው ወደ 80ዎቹ መጀመሪያ ወይም ከዚያ በታች የሚወርደው። ባሕር ዳር ላይ ጤነኛ ሰው ሮጦ እንዲህ አይወርድም። ከፍታ ላይ ያለን ሰው ለመመርመር ተቀምጦ የተለካ ቁጥር ብቻ ማየት ግማሹን ብቻ ማየት ነው።

የሰውነት ከፍተኛው ኦክስጅን የመጠቀም አቅም ከ1,500 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ላ ፓዝ ላይ ይህ ከአምስት እጅ አንዱ ነው፤ ኤል አልቶ ላይ ከአራት እጅ አንዱ። ለሯጭ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከሜክሲኮ ሲቲ በላይ የሚያሳይ የለም። ከተማዋ ያለችው 2,240 ሜትር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ውድድር በ29 ደቂቃ ከ27.4 ሰከንድ ተጠናቀቀ። ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ አንደኛ፣ ማሞ ወልዴ በስድስት አሥረኛ ሰከንድ ልዩነት ሁለተኛ ወጡ። በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ከ3 ዓመት በፊት ርቀቱን በ27 ደቂቃ ከ39.4 ሰከንድ ሮጦት ነበር፤ በሜክሲኮ ስድስተኛ ወጥቶ መስመሩ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። ከሳምንት በኋላ ማሞ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ ተከታዩን ከ3 ደቂቃ በላይ ቀድሞ አሸነፈ። በእነዚያው ቀናት አሜሪካዊው የርዝመት ዘላይ ቦብ ቢመን 8.90 ሜትር ዘለለ። ቀጭን አየር ለዘላይና ለአጭር ርቀት ሯጭ የአየሩን ግፊያ ያቀልለታል፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ ለሚሮጥ ሰው ግን ዕዳው ይበልጣል።

ሰውነት ይህን ጉድለት ዝም ብሎ አያይም። መጀመሪያ ትንፋሹን ያበዛል፣ በሰዓታት ውስጥ። ብዙ ሲተነፍስ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ደሙም ከወትሮው ያነሰ አሲድ ይሆንና ያ ራሱ ትንፋሹን ይገታዋል። ኩላሊት ይህን ለማስተካከል አሲድን የሚያለዝበውን ባይካርቦኔት በሽንት ያስወጣል፤ ይህ ቀናት ይፈልጋል። መጀመሪያው ሌሊት ላይ ትንፋሽ ፈጥኖ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደገና ፈጥኖ የሚያባንነው በዚህ ግጭት ምክንያት ነው። ጎን ለጎን የደሙ ውኃ፣ ማለት ፕላዝማው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል፤ ደሙ ይወፍራል። አዲስ ቀይ ሕዋስ እንዲመረት የሚያዘው ሆርሞን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጣራው ላይ ይደርሳል፤ ሕዋሱ ግን ተመርቶ እስኪበዛ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን «ደሜ ወፈረ፣ ለመድኩ» የሚል ሰው የወፈረው ውኃ አጥቶ ነው። ይህን ልዩነት ልብ በሉ፤ ኮካ ጋ ስንደርስ ይመለሳል።

ወደ ቅጠሉ እንምጣ። «መቃም» የሚለው ቃላችን ለዚህ በትክክል ይሆናል፤ ኮካ እንደ ምግብ አይታኘክም። ደርቆ ነው የሚሸጠው፤ ጥሩው ቅጠል የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ነው፣ ሲታጠፍ ተልፈስፍሶ ይታጠፋል እንጂ ፍርክስክስ አይልም። ቡናማ የሆነውና ሻጋታ ሻጋታ የሚሸተው እርጥበት አግኝቶት የተበላሸ ነው። ቃሚው ቅጠሉን አንድ በአንድ ይይዝና መካከለኛውን ጅማት በጥርሱ ስቦ ይጥላል፤ ጅማቱ ድድ ይቧጭራልና። የቀረውን በምራቅ እያራሰ ጉንጩና ድዱ መካከል ይወትፈዋል። የአገሬው ነባር ሕዝብ ኬቿዎች በፔሩ ይህን «ቻክቻር»፣ በቦሊቪያ «ፒክቻር» ይሉታል፤ የተወተፈው ጉንጭ ደግሞ «አኩሊኮ» ነው። ጉንጩ በቂ ሲሆን ኖራ ወይም የኪኑዋ አገዳ አመድ የተለወሰበት ጠንካራ ቁራሽ፣ ስሙ «ሊፕታ»፣ በጥቂቱ ተቆርሶ መካከሉ ይገባል። በከተማ ብዙዎች በዚያ ፈንታ የዳቦ ሶዳ ይጠቀማሉ።

ሊፕታው ለጣዕም የገባ ሊመስል ይችላል። ሥራው ግን ኬሚካላዊ ነው። ከቅጠሉ ክብደት ከግማሽ እስከ 1 በመቶ የሚሆነው ኮኬይንና ዘመዶቹ ናቸው። ቅጠሉ ውስጥ ከአሲድ ጋር እንደ ጨው ተጣብቀው ስለሚገኙ በጉንጭ ቆዳ በቀላሉ አያልፉም። ሊፕታው አልካሊ፣ ማለት የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ ምራቁን ሲለውጠው ኮኬይኑ ከጨውነት ይላቀቅና የጉንጩን ስስ ቆዳ ያልፋል። ምልክቱ ምላስና ጉንጭ መደንዘዝ ነው። ያለ ሊፕታ የቃመ ጀማሪ «ምንም አልተሰማኝም» የሚለው ለዚህ ነው። ሊፕታውን አብዝቶ ከቆዳ ጋር ያነካካ ደግሞ አፉን ይላጠዋል፤ ኖራ ነውና ያቃጥላል፣ በቅጠሉ መካከል መሸፈን አለበት።

ጫት ለሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱን ማሳየት ይቀላል። ጫት ትኩስ መሆን አለበት፤ ካቲኖን የሚባለው ዋናው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይከስማል፣ በኮባ ተጠቅልሎ ገበያ የሚጣደፈውም ለዚህ ነው። ኮካ ደርቆ ለወራት ይቆያል። ካቲኖን የነርቭ ጫፎች ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን የሚባሉትን አነቃቂ መልእክተኞች እንዲለቁ ያስገድዳል፤ ኮኬይን ደግሞ የተለቀቀውን መልሰው እንዳይሰበስቡ በሩን ይዘጋል። መንገዱ ቢለያይም መድረሻው ይቀራረባል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ ረሃብ ይጠፋል፣ እንቅልፍ ይርቃል። ምርቃና ውስጥ ያለ ሰው ድካሙን እንደማያውቀው ሁሉ ኮካ የቃመም ድካሙን ሳያውቀው ይሄዳል። በጉንጭ የሚገባው ኮኬይን ቀስ ብሎና በጥቂቱ ስለሆነ ከተጣራው ዱቄት ጋር አይወዳደርም፤ ቅጠሉንና ዱቄቱን አንድ ማድረግ ገብስንና አረቄን አንድ እንደ ማድረግ ነው።

እንግዲህ ቅሞ የሚንቀሳቀስ ሰው ውስጥ ምን ይከናወናል? ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እነ ሂልዴ ስፒልቮግልና ሮላን ፋቪየ ላ ፓዝ ላይ ከሠሯቸው ጥናቶች ነው። ልማድ ያላቸውንም የሌላቸውንም ሰዎች ለአንድ ሰዓት አስቅመው ብስክሌት አስነዱ፣ ደም እየቀዱም ለኩ። ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀም አቅም አልጨመረም። ደም ውስጥ ግን ገና ብስክሌቱ ላይ ሳይወጡ ለውጥ ነበር፤ ነጻ የስብ አሲድ ከፍ አለ። ኖርአድሬናሊኑ የተከማቸውን ስብ አስፈትቶ ወደ ደም ለቀቀው ማለት ነው።

ይህ ጥሩ ዜና ይመስላል፤ ለማን ጥሩ እንደሆነ ግን ሒሳቡ ይለየዋል። አንድ ሊትር ኦክስጅን ጉሉኮስ ሲያነድ 5.05 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስገኛል፤ ስብ ሲያነድ 4.69። ልዩነቱ ከመቶ 7 ያህል ነው። በደቂቃ 3 ሊትር ኦክስጅን የሚያገኝ ሯጭ በጉሉኮስ 15 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲያመነጭ በስብ 14 ብቻ ያመነጫል። ባሕር ዳር ያለ ሰው ኦክስጅን ስለሚተርፈው ይህን ዕዳ ይከፍላል። ኤል አልቶ ላይ በሙሉ አቅሙ የሚሮጥ ሰው ግን የጎደለው ራሱ ኦክስጅኑ ነው፤ ውድ በሆነው ነገር ርካሹን ነዳጅ ማንደድ ለእርሱ ኪሳራ ነው። አሁን ደግሞ 25 ኪሎ ተሸክሞ ስምንት ሰዓት የሚሄደውን ሰው አስቡት። ይህ ሰው ከአቅሙ ግማሹን እንኳ ስለማይጠቀም ኦክስጅን አያጥረውም። የሚያጥረው ጉሉኮስ ነው። ጉበቱ ያለው ክምችት 100 ግራም ገደማ፣ ማለት 400 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ያ ሲያልቅ እግር ይከዳል፣ ራስ ይዞራል። ስብ ቀድሞ ቢፈስለት ያቺን ክምችት ይቆጥብለታል። ኮካዳ የእግረኛ መለኪያ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው ውጤት ብዙም የማይወራለት፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ኮካ ራሱ የፕላዝማን መጠን እንደሚቀንስ አዩ። በእንቅስቃሴ ጊዜም የልብ ምትና የደም ግፊት ከወትሮው በጥቂቱ ከፍ ብለው ተገኙ። ከላይ እንዳልነው ከፍታው ብቻውን በመጀመሪያ ቀናት ከፕላዝማው እስከ አንድ አምስተኛ ይወስዳል። ደረቅ አየርና የበዛ ትንፋሽም ውኃ ይጨርሳሉ። በዚያ ላይ ኮካ ሲታከል፣ በዚያ ላይ ደግሞ ላብ ሲጨመር፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል፤ በአንድ ምት የሚረጨውም ያንሳል። ልብ በፍጥነት ያካክሰዋል። ቃሚው ይህን አያውቅም፤ ረሃቡን እንዳፈነለት ጥሙንም ያፍንበታልና። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ዘግይቷል።

ብርዱስ? ጆኤል ሃና የተባለ ተመራማሪ በደቡብ ፔሩ፣ ኑኞዋ በምትባል 4,000 ሜትር ላይ ያለች ወረዳ፣ ብርድ ውስጥ የተቀመጡ ቃሚዎችን ለክቶ ነበር። የውስጥ ሙቀታቸው በጥቂቱ ተጠብቆ ሲቆይ ጣቶቻቸው ግን ከማይቅሙት ይልቅ ቀዘቀዙ። የደም ሥሩ ስለጠበበ ሙቀቱ ከቆዳ ሸሽቶ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ለሚያድር እረኛ ይህ ጥቅም አለው። በረዶ ላይ ለሚወጣ ሰው ግን ጣት የሚያሳጣ ነው፤ የደነዘዘች ጣት ደግሞ አትናገርም።

ወደ እኛ ሰው ልመለስ፤ «እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ ምን ያደርገናል» የሚል ብዙ አለና። ከፊሉ እውነት ነው። ሲንቲያ ቢል የምትመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን፣ ማለት በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ በወንዶች 15.9 ግራም በዴሲ ሊትር፣ የደም ኦክስጅናቸው ደግሞ 95.3 በመቶ ነበር። ይህ ባሕር ዳር ከሚኖር ሰው ብዙ አይለይም። በአንዲስ፣ ማለት ፔሩና ቦሊቪያ ባሉበት የተራራ ሰንሰለት፣ በ4,000 ሜትር አካባቢ ያሉ ወንዶች ሄሞግሎቢን ግን ወደ 19 ይጠጋል። እነርሱ ደማቸውን አወፈሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዱ ከ21 ያልፍና በመጀመሪያ በገለጸው በፔሩዊው ሐኪም በካርሎስ ሞንሄ ስም የሚጠራው ሥር የሰደደ የከፍታ ሕመም ይይዘዋል። የሰሜን ደገኞች በሌላ መንገድ ለመዱት። ነገር ግን ይህ ትውልዶች የኖሩበት ሰው ጉዳይ ነው፤ ለአዲስ አበባ ልጅ እንዲሁ አይተላለፍም። ከ2,355 ሜትር ተነሥቶ ኤል አልቶ የሚያርፍ ሰው 1,700 ሜትር ያህል በአንድ ጊዜ ይወጣል። ከባሕር ዳር ከሚመጣው የተሻለ መነሻ አለው፤ ከሕመሙ ግን አያመልጥም። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ዓመታት የኖረ ሰው ደግሞ ያንን መነሻም የለውም፤ ትርፉ ቀይ የደም ሕዋስ በሳምንታት ውስጥ ይራገፋል። ለበዓል መጥቶ በማግሥቱ እንጦጦ ላይ የሚሮጥ ወገን ደረቱ የሚከብደው «ስለሰነፈ» አይደለም።

አንዲስ ላይ ለመንቀሳቀስ ለሚዘጋጅ ሰው የምለው ይህ ነው። የላ ፓዝ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ኤል አልቶ፣ 4,060 ሜትር ላይ ስለሆነ ሰውነት ያለ ማስጠንቀቂያ ነው የሚገባበት። ሕመሙ፣ በአገሬው ስም «ሶሮቼ»፣ እንዳረፉ አይመጣም፤ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይዘገያል። በመጀመሪያው ቀን «ደህና ነኝ» ብሎ የሚሮጥ ሰው ማታ ራሱን ይዞ የሚተኛው ለዚህ ነው። የእግር ኳስ ቡድኖችም ይህን ያውቃሉ፤ ቦሊቪያ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ጨዋታዋን ወደ ኤል አልቶ ስታዛውር እንግዶቹ ወይ ለጨዋታው ሰዓታት ሲቀሩ ይገባሉ፣ ወይ ሳምንታት ቀድመው። ሁለተኛና ሦስተኛ ቀን ላይ መጫወት ከሁሉ ይከፋል። ከተቻለ መጀመሪያ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ማደር ይሻላል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ የመኝታውን ከፍታ በሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ባሉበት ማደር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት መራመድ እንጂ መሮጥ የለም። ከዚያ በኋላም ልኩ ወሬ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷል። ልምምድ በድግግሞሽ የሚሠራ ሯጭ የድግግሞሹን ፍጥነት ከማውረድ ይልቅ የዕረፍቱን ጊዜ እጥፍ ቢያደርገው እግሩ ፍጥነቱን አይረሳም። የሚበላው ከስብ ይልቅ ድንች፣ ሩዝና ዳቦ ቢሆን ከላይ ያየነው የ7 በመቶ ሒሳብ ለእርሱ ይሠራል። ረሃብ ባይሰማውም ሰዓቱን ጠብቆ ይብላ። ሳምንታት ለመቆየት የሚያስብ ደግሞ ከመሄዱ በፊት የብረት ክምችቱን ያስመርምር፤ ብረት ከሌለ አዲስ ደም አይመረትም።

በዚህ መካከል ኮካ የት ይግባ? ለሶሮቼ መከላከያነት በወጉ አልተፈተነም፤ የተራራ ሕክምና መመሪያዎችም በታወቀው መድኃኒት ፈንታ እንዲወሰድ አይመክሩም። መድኃኒቱ አሴታዞላሚድ ነው፤ ለመከላከል የተለመደው 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣት አንድ ቀን አስቀድሞ። ኩላሊት በቀናት የሚሠራውን ያፋጥነዋል። ጣት ይነዝራል፣ ለስላሳ መጠጥ ጋዙ የጠፋ ይመስላል፤ ሐኪም ሳያማክሩ አይወሰድም። ኮካ ሻይ ለመጠጣት ከተፈለገ በቀን፣ ከብዙ ውኃ ጋር፣ ከሰዓት በኋላ ሳይመሽ ይቁም፤ የከፍታ ሌሊት ያለ አነቃቂም እንቅልፍ አይሰጥም። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበትና ነፍሰ ጡር ግን ጨርሶ ይተዉት።

ተወዳዳሪ ከሆናችሁ ደግሞ ሻዩንም አትንኩ። አንድ የኮካ ሻይ ከረጢት 1 ግራም ቅጠልና 5 ሚሊ ግራም ያህል ኮኬይን ይይዛል፤ አንዲት ሲኒ ብቻ ሽንትን ለ20 ሰዓት ያህልና ከዚያም በላይ በምርመራ ታስይዛለች። በጊዜው የፔሩ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን አምበል የነበረው ፓውሎ ገሬሮ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2017 ከአርጀንቲና ጋር ከተደረገው ጨዋታ በኋላ የተገኘበት ይኸው የኮኬይን ቅሪት ነበር። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ ብቃቱን ለመጨመር እንዳልወሰደ ተቀብሎም ለ14 ወር አገደው፤ ለዓለም ዋንጫው የደረሰው የስዊዘርላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት እገዳውን ለጊዜው ስላቆመለት ነው። አሴታዞላሚድም ውኃ የሚያስወጣ መድኃኒት ስለሆነ በስፖርት ሁልጊዜ የተከለከለ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲንም በውድድር ወቅት ከተወሰነ ልክ ካለፈ ያስቀጣል። ተወዳዳሪ ላልሆነውም ቢሆን ቅጠሉ በፔሩና በቦሊቪያ ሕጋዊ ስለሆነ ብቻ በሻንጣ ይዞ መውጣት አይቻልም፤ በአሜሪካም በባሕረ ሰላጤው አገሮችም እንደ ዕፅ ነው የሚታየው፣ የሻዩ ከረጢትም ጭምር።

አንድ የቀረኝ አለ። ኮካ የቃመ ሰው ራስ ምታቱና ድካሙ ስለሚለዝብ «እንዴት ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከልቡ «ደህና ነኝ» ይላል። አብሮት የሚሄድ ሰው በመልሱ መርካት የለበትም። ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቅ ሳል ከጀመረው፣ ትናንት ይቀድማቸው ከነበሩት ዛሬ ወደ ኋላ ከቀረ ሳንባው ውኃ እየያዘ ሊሆን ይችላል። አንጎሉን ለማየት ደግሞ መሬት ላይ መስመር አስምሩና ተረከዙን ከሌላኛው እግሩ ጣት እያስነካ አሥር እርምጃ እንዲሄድ አድርጉ። ሁለቴ ሞክሮ ከተንገዳገደ፣ ቅጠሉን አስተፍታችሁ፣ ኦክስጅን ካለ ሰጥታችሁ፣ በዚያችው ሰዓት ደግፋችሁ ቢያንስ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር አውርዱት፤ ሌሊትም ቢሆን፣ «ተዉኝ ልተኛ» ቢልም።